ጥያቄና መልስ፦ ዋሻ ውስጥ የሚያልፈው ማራቶን

በዋሽንግተን ስቴት፣ በስኖኳልሚ ተራራ ሥር፣ 3.6 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም የባቡር ዋሻ አለ። የሚልዋኪ ምድር ባቡር ከ1912 እስከ 1914 አስቆፈረው፤ ባቡሩ በ1980 ከቀረ በኋላ መስመሩ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ሆነ። ዛሬ ስሙ ፓሉስ ቱ ካስኬድስ ነው። በሞቃቶቹ ወራት በዚህ መንገድ ላይ የሚካሄዱት ማራቶኖች በተራራው ምሥራቅ በኩል ተነስተው፣ ዋሻውን በመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች አቋርጠው፣ ወደ ኖርዝ ቤንድ ይወርዳሉ። ከመነሻ እስከ መድረሻ 600 ሜትር ያህል ቁልቁለት ነው። ሲያትልና አካባቢዋ የሚኖሩ አንባቢዎቻችን ስለዚህ ሩጫ ደጋግመው ስለጻፉልን የዚህን እትም ዓምድ ለእነሱ ሰጥተነዋል፤ ከለንደንና ከአዲስ አበባ የመጡ ሁለት ተዛማጅ ጥያቄዎችንም ጨምረናል። ዓመተ ምሕረቶቹ የፈረንጆች ናቸው።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያ ማራቶኔ ነው። አዘጋጆቹ «ባትሪ የግድ ነው» ይላሉ። ለሃያ ደቂቃ ጉዳይ የስልኬ መብራት አይበቃም? የማየት መነጽር ስለማደርግም ግራ ገብቶኛል። ልብስስ ምን ይሻላል? — ከሬንተን

መልስ፦ የስልክ መብራት አይበቃም። ብርሃኑ ወደ ጎን ይበተናል እንጂ ወደ ፊት አይሄድም፤ አንድ እጅዎን ያስርብዎታል፤ ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ውሃ የስልኩን ፊት ሲነካው ደግሞ ጣትዎን አልሰማ ይላል። ዋሻው ውስጥ አንድም አምፖል የለም። ከመግቢያው መቶ ሁለት መቶ ሜትር ከራቁ በኋላ የገዛ እግርዎን አያዩትም።

ግንባር ላይ የሚታሰር፣ ከ200 እስከ 300 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) የሚሰጥ ባትሪ ይግዙ። ከዚያ በላይ ብርቱ የሆነው ጥቅሙ ትንሽ ነው፤ እንዲያውም ይጎዳል። ምክንያቱም ዋሻው ቀዝቃዛና እርጥብ በመሆኑ ከአፍዎ የሚወጣው እንፋሎት በብርሃኑ ፊት ነጭ መጋረጃ ይሠራል። ባትሪው ግንባርዎ ላይ ስላለ ብርሃኑ ተመልሶ ዓይንዎ ውስጥ ይገባል። መፍትሔው ባትሪውን ወገብ ላይ ማሰር ወይም በእጅ መያዝ ነው። ይህ ሌላም ጥቅም አለው፤ ብርሃን ከዝቅታ ሲመጣ ጠጠሩና ጉድጓዱ ጥላ ይጥላሉ፣ ስለዚህ ይታያሉ። ከግንባር የሚወርድ ብርሃን ግን ጥላውን ከዕቃው ኋላ ስለሚደብቀው መሬቱን ሁሉ ደልዳላ ያስመስለዋል። የሚሳቱት ኩሬዎች አብዛኞቹ በዚህ የተነሳ ናቸው። ግንባር ላይ ካሰሩት አንገትዎን ሳይደፉ ከአምስት እስከ ስምንት ሜትር ፊትዎን እንዲያበራ አዘንብለው ያስተካክሉት፤ ከኋላ የሚመጣውን ሰው ዘወር ብለው አይዩ፣ ያሳውሩታል።

ብርሃኑን በራሱ ጊዜ የሚቀንስና የሚጨምር ዘመናዊ ባትሪ ካለዎት ያንን አሠራር ያጥፉትና በአንድ መጠን ብቻ እንዲበራ ያድርጉት። ከፊት ያለው ሯጭ ልብስ ላይ ያለው አንጸባራቂ ብርሃኑን ሲመልስለት «ቦታው ብሩህ ነው» ብሎ በመሀል ይደበዝዛል። የባትሪ ድንጋይ የሚበላ ከሆነ አዲስ ድንጋይ ያስገቡ። በቻርጅ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ በዋዜማው ሞልተው መክፈቻውን ይቆልፉት፤ አለዚያ ቦርሳ ውስጥ ተጭኖ ሌሊቱን ሲበራ ያድርና ጠዋት ባዶ ይሆናል። ይህ በየውድድሩ የሚታይ ነገር ነው።

ስለ መነጽር፦ የፀሐይ መነጽር ከሆነ ዋሻው አፍ ላይ ሳይደርሱ ያውልቁ። በፀሐይ የሚጠቁር የማየት መነጽር ካለዎት ግን አይመከርም፤ መስታወቱ እስኪነጣ ደቂቃዎች ይወስዳል፣ እርስዎ ግን በሰከንዶች ውስጥ ጨለማው ውስጥ ነዎት። ተራውን ነጭ መነጽር ያድርጉ። የሚያጉመው ደግሞ ብዙ ሰው እንደሚጠብቀው ዋሻው ውስጥ ሳይሆን ሲወጡ ነው፤ የቀዘቀዘው መስታወት ከውጭው ሞቅ ያለ አየር ጋር ሲገናኝ ይደበዝዛል። ትንሽ ደረቅ ጨርቅ የሚዘጋ ኪስ ውስጥ ይያዙ። መውጫው ላይ አሥር እርምጃ ያህል ቀዝቀዝ ብሎ መሮጥም ለዓይን ዕረፍት ነው፤ ብርሃኑ ድንገት ነው የሚመታው።

ልብስ ብዙ አያስፈልግም። ውጭው ሃያ አምስት ዲግሪ በሆነበት ቀን እንኳ ዋሻው ውስጥ አሥር ዲግሪ አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ነው፤ ግን ለሃያና ለሠላሳ ደቂቃ ብቻ። ቀጭን ጓንትና የክንድ ማሞቂያ ይበቃል። ሁለቱንም ሳይቆሙ ያወልቋቸዋል። ግንባሩ ወደ ፊት የወጣ ኮፍያ የጣሪያውን ጠብታ ከዓይንዎ ይከለክላል። ጃኬት የለበሰ ሰው ግን በኋላ እስከ መጨረሻው ወገቡ ላይ ጠምጥሞት ይሮጣል። በአንዳንዶቹ ውድድሮች ከመውጫው በኋላ ባትሪና ጓንት የሚጣልበት ሣጥን ይቀመጣል፤ ካለ የደረት ቁጥርዎን በፕላስተር ጽፈው ባትሪው ላይ ይለጥፉ። አለመኖሩ ከተነገረዎት ደግሞ እስከ መጨረሻው ተሸክመውት የማይከብድዎትን ቀላል ባትሪ ይምረጡ።

መሮጫው ቀኝ ነው። ግድግዳው ሥር ግን አይጠጉ፤ ውሃ የሚወርድበት ቦይ አለ። ከመሀሉ ትንሽ ቀኝ ያለው የተጠቀጠቀ ጠጠር ምርጡ መሬት ነው። የጆሮ ማዳመጫ ያውልቁ፤ ማሚቶው ስለሚያምታታ ከኋላ የሚመጣው ሰው ምን ያህል እንደራቀ በአንድ ጆሮ መለየት አይቻልም።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 42 ነው። ለቦስተን ማራቶን ለመብቃት 3 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ያስፈልገኛል፤ ቁልቁለቱ ይረዳኛል ብዬ ይህን ውድድር መረጥኩ። ዋሻው ውስጥ ግን ሰዓቴ ሳተላይት ያጣል አሉኝ። ፍጥነቴን በምን ልቆጣጠር? — ከኬንት

መልስ፦ ከሰዓቱ በፊት አንድ ነገር ያስተካክሉ። የቦስተን አዘጋጆች ከ2027ቱ ውድድር ጀምሮ ለቁልቁለት ማራቶኖች ቅጣት አውጥተዋል። ከመነሻ እስከ መድረሻ ከ457 እስከ 914 ሜትር ያህል (በእነሱ አቆጣጠር ከ1,500 እስከ 2,999 ፊት) በሚወርድ ጎዳና ላይ በተገኘ ውጤት ላይ 5 ደቂቃ ይደመራል። እስከ 5,999 ፊት ከሆነ 10 ደቂቃ፤ ከዚያ በላይ ጭራሽ አይቀበሉም። የዋሻው መንገድ 600 ሜትር አካባቢ ስለሆነ የመጀመሪያው ውስጥ ይወድቃል። ስለዚህ የእርስዎ 3:05 እዚህ ላይ 3:00 ሆኗል ማለት ነው። በዚያ ላይ መስፈርቱን ማሟላት ብቻውን ቦታ አያስገኝም፤ ለ2026ቱ ውድድር ከመስፈርታቸው 4 ደቂቃ ከ34 ሰከንድ የቀደሙት ናቸው የገቡት፣ ለ2025ቱ ደግሞ 6 ደቂቃ ከ51 ሰከንድ። እንደዚያው ከቀጠለ ዒላማዎ 2:55 አካባቢ ነው። ሐሳብዎ ቦስተን ብቻ ከሆነ ሜዳማ ማራቶን ቢመርጡ ይሻላል፤ ቁልቁለቱ አምስት ደቂቃ ለሁሉም ሰው አይመልስም።

ይህን አውቀው ከሮጡ፦ የእጅ ሰዓትዎ ሰማይ ሲከለከል የክንድዎን መወዛወዝ ቆጥሮ ይገምታል። ጨለማ ውስጥ ሰው ክንዱን ሰብሰብ ስለሚያደርግ ግምቱ ይዛባል። ሲወጡ ሳተላይቱን እስኪያገኝ ጥቂት ሰከንድ ወይም አንድ ደቂቃ ይፈጃል፣ ከዚያ የጎደለውን በቀጥታ መስመር ያያይዘዋል። ዋሻው ቀጥ ያለ ስለሆነ ጠቅላላ ርቀቱ ብዙ አይሳሳትም፤ በዚያ መሀል የሚያሳየው ፍጥነት ግን ዋጋ የለውም። ሦስት ነገር አስቀድመው ያድርጉ። ሲቆሙ ሰዓቱን በራሱ የሚያቆመውን አሠራር ያጥፉ፤ ዋሻው ውስጥ «ቆመሃል» ብሎ ቆጠራውን ሊያቆም ይችላል። በየማይሉ በራሱ የሚዘጋውን ላፕ (የየማይሉን ሰዓት ለብቻ የሚይዘውን ቆጠራ) ያጥፉና መንገዱ ላይ በተተከሉት የማይል ምልክቶች በእጅዎ ይጫኑ። መግቢያውና መውጫው ላይም ይጫኑ።

ለዋሻው ብቻ የሚሆን ስሌት ይኸው፦ በኪሎ ሜትር 4 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ የሚሮጥ ሰው በ15 ደቂቃ ተኩል ይወጣል። በ5 ደቂቃ የሚሮጥ በ18፣ በ6 ደቂቃ የሚሮጥ ከ22 ባነሰ፣ በ7 ደቂቃ ተኩል የሚሄድ በ27 ደቂቃ። ከዚህ በጣም ቀድመው ከወጡ ጥሩ ምልክት አይደለም። ባትሪው የሚያሳየው መሬት ቅርብ ስለሆነና ግድግዳው በሁለት ወገን ስለሚያልፍ ሰው በጨለማ ውስጥ ፍጥነቱን አያውቀውም፤ አንዱ «በረርኩ» ብሎ ይዘገያል፣ ሌላው ከፊቱ ያለውን ብርሃን እያሳደደ ይፈጥናል። ዋሻው ውስጥ ከዕቅድዎ በኪሎ ሜትር እስከ 10 ሰከንድ ቢዘገዩ ምንም አላጡም። ጠቅላላው ከ40 ሰከንድ አይበልጥም፤ ቁርጭምጭሚት ሲጠመዘዝ የሚጠፋው ግን ቀኑ ሁሉ ነው።

ጥያቄ፦ ሊፍት ውስጥ መግባት እንኳ ይጨንቀኛል። ጓደኞቼ አስመዝግበውኛል፣ ገንዘቡ አይመለስም። ምን ልሁን? — ከሲያትል፣ ስሜ ይቆይ

መልስ፦ ዋሻው ለባቡር የተሠራ ነው፤ ግድግዳው ኮንክሪት፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ አየሩም የሚነፍስ ነው። የሊፍት ጥበት የለውም። የሚያስቸግረው ጨለማውና ርዝመቱ ነው፤ ይህን ደግሞ ከውድድሩ በፊት መለማመድ ይቻላል።

በኢንተርስቴት 90 ላይ በ54 ቁጥር መውጫ ወጥተው በዋሻው ምሥራቃዊ አፍ በኩል ወዳለው ሃያክ ይሂዱ። ለመኪና ማቆሚያ ዲስከቨር ፓስ የተባለውን የስቴቱን ፓርክ ካርድ ይያዙ። ብቻዎን አይሂዱ፤ ሁለት ባትሪ ይኑርዎት። የመጀመሪያው ቀን አምስት ደቂቃ ብቻ ወደ ውስጥ ተራምደው ይመለሱ። ጭንቀቱ ሲመጣ ሮጠው አይውጡ፤ ቆመው እስኪበርድ ይጠብቁ፣ ከዚያ ይውጡ። ሮጦ የወጣ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ የባሰ ይፈራል። ሁለተኛው ቀን አሥራ አምስት ደቂቃ። ሦስተኛው ቀን ዳር እስከ ዳር። ሰው የሚበዛው ቅዳሜና እሑድ ስለሆነ ባትሪ የያዘ ብስክሌተኛ ሁሉ ያጽናናዎታል።

አንድ የሚያታልል ነገር አለ። የወዲያኛው አፍ ገና ከሩቅ እንደ መርፌ ቀዳዳ ይታያል፤ ግን ለረጅም ጊዜ አያድግም። ዓይንዎን እሱ ላይ ከተከሉ «አይደረስም» የሚል ስሜት ይመጣል። ከፊትዎ ያለውን ሰው ተረከዝ ይመልከቱ።

በውድድሩ ቀን ቢጨንቅዎት ወደ ቀኝ ዳር ወጥተው በእርምጃ ይሂዱ፤ ለአራት ቆጥረው ያስገቡ፣ ለስድስት ቆጥረው ያስወጡ። ወደ ኋላ አይመለሱ፤ የሚመጣው ሰው ባትሪ ዓይንዎን ይወጋል፣ ግጭትም አለ። ከዚህ ቀደም ልብዎ በኃይል እየመታ ራስዎን እስከመሳት ደርሰው ከሆነ ግን መጀመሪያ ሐኪም ያነጋግሩ።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፣ 20 ዓመቴ ነው። ባለፈው ዓመት ቁልቁለት የበዛበት ግማሽ ማራቶን ሮጬ ለአራት ቀን ደረጃ መውረድ አቃተኝ፤ ሁለት የእግር ጥፍሮቼም ጠቆሩ። ሙሉውን እንዴት እችለዋለሁ? — እኅታችሁ ከፖርትላንድ

መልስ፦ እኅታችን፣ ስለዚህ ውድድር ከደረሱን ጥያቄዎች ሁሉ ዋናው ያንቺ ነው። ሰው ስለ ዋሻው ይጨነቃል፣ እግሩን የሚበላው ግን ከዋሻው ከወጣ በኋላ ያለው ወደ 30 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ቁልቁለት ነው። ቁልቁለቱ ለዓይን አይታይም፤ ለባቡር የተሠራ ስለሆነ በመቶ ሜትር ሁለት ሜትር እንኳ አይወርድም። ስለዚህ ሰው እንደ ሜዳ ይሮጠዋል።

ቁልቁለት ላይ የፊት ጭንሽ ጡንቻ ፍሬን ሆኖ ይሠራል፤ እየተለጠጠ ይጎትታል። በዚህ ዓይነት ሥራ የጡንቻው ቃጫ በጥቃቅኑ ይቀደዳል። ሕመሙ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ውስጥ የሚበረታው ለዚህ ነው። ማራቶን ላይ ግን ሕመሙን ሳትጠብቂ በ30ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ጉልበትሽ አልታጠፍ ይላል፤ ልብሽና ሳንባሽ ደህና ሆነው እግርሽ ብቻ ይሞታል። ደግነቱ ጡንቻ ቶሎ ይማራል። አንድ ጊዜ በቁልቁለት የተጎዳ ጡንቻ ለሚቀጥሉት ሳምንታት ያንኑ ጭነት በጣም ባነሰ ጉዳት ይሸከማል።

ከውድድሩ ከ8 እስከ 10 ሳምንት ሲቀር ጀምሪ። በየሰባት ወይም በየአሥር ቀኑ አንድ የቁልቁለት ሩጫ ይኑርሽ፤ መጀመሪያ 4 ወይም 5 ኪሎ ሜትር፣ ቀስ እያልሽ ከ12 እስከ 16። ቁልቁለቱ ከውድድሩ ጋር ይመሳሰል፤ በመቶ ሜትር ከአንድ እስከ ሦስት ሜትር የሚወርድ። ገደል የመሰለ ዳገት ላይ ወጥቶ መውረድ ሌላ ነገር ነው፣ ጉልበት ከመጉዳት በቀር ለዚህ አያዘጋጅም። የመጨረሻውን ጠንካራ የቁልቁለት ልምምድ ከውድድሩ ሁለት ሳምንት በፊት ጨርሺ። ከዚያ ወዲያ የሚሠራ ሁሉ ለቀኑ አያገግምም።

ቤት ውስጥ ደግሞ 20 ሴንቲ ሜትር በሚሆን ደረጃ ላይ በአንድ እግር ቆመሽ ሌላኛውን ተረከዝ እስከ ሦስት እየቆጠርሽ ወደ መሬት አውርጂ። ለየእግሩ ከ8 እስከ 10 ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ በሳምንት ሁለት ቀን። ጉልበትሽ ወደ ውስጥ የሚታጠፍ ከሆነ የደረጃውን ከፍታ ቀንሺ። አሰልቺ ነው፣ ይሠራል ግን።

ስትወርጂ እርምጃሽን አሳጥሪ። እግርሽ ከሰውነትሽ ርቆ ወደ ፊት ሲያርፍ በየእርምጃው ፍሬን እየያዝሽ ነው። በደቂቃ ከ170 እስከ 180 እርምጃ ጥሩ መለኪያ ነው። ከወገብሽ ሳይሆን ከቁርጭምጭሚትሽ ትንሽ ወደ ፊት አዘንብዪ።

ጥፍር የሚጠቁረው እግር ጫማ ውስጥ ወደ ፊት እየተንሸራተተ ጣት ጫፉን ስለሚመታ ነው። ቆመሽ ስትለኪው ከረጅሙ ጣትሽ ፊት የአውራ ጣት ጥፍር ስፋት ያህል ክፍት ቦታ ይኑር። በላይኛው የትርፍ ቀዳዳ ክሩን አዙረሽ ተረከዝሽን እሰሪ፤ ብዙ ሰው ያ ቀዳዳ ለምን እንደተሠራ ሳያውቅ ጫማውን ይጨርሳል። ጥፍርሽን ከሦስት ቀን በፊት ቀጥ አድርገሽ ቁረጪ፣ በዋዜማው አይደለም። ዋሻው ውስጥ እግር ሊረጥብ ስለሚችል የጥጥ ካልሲ አይሁን፤ በጣቶችሽ መሀል ቫዝሊን ቀቢ። ጫማውም የተራራ ጫማ መሆን የለበትም፣ መሬቱ የተጠቀጠቀ ጠጠር ስለሆነ የአስፋልት ጫማ ይበቃል። ጠጠር እየገባ የሚያስቸግርሽ ከሆነ የጫማ አፍ የሚሸፍነውን አጭር ጨርቅ አድርጊ።

ጥያቄ፦ የተመዘገብኩበት ውድድር በፍልሰታ ጾም ውስጥ ወደቀ። ጾሜን ሳልፈታ መሮጥ እችላለሁ? 60 ኪሎ ነኝ። — ከሲያትል

መልስ፦ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ስለሆነ፣ ማለትም በፈረንጆቹ ከኦገስት 7 እስከ 21፣ ከኦገስቱ ውድድር ጋር መግጠሙ አይቀርም። የምግቡ ዓይነት አያስቸግርም፤ ማራቶን የሚሮጠው በካርቦሃይድሬት ነው፣ የጾም ገበታ ደግሞ በእሱ የተሞላ ነው። የሚያስቸግረው ሰዓቱ ነው። ውድድሩ በጠዋት ነው፣ ባዶ ሆድ ደግሞ አይሆንም። ያንን ቀን እንዴት እንደሚያደርጉ ከነፍስ አባትዎ ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ፤ እኛ የምንመልሰው አይደለም።

ሁለት ቀን ሲቀር በቀን ለየኪሎዎ ከ8 ግራም ያላነሰ ካርቦሃይድሬት ይብሉ፣ ለእርስዎ ወደ 480 ግራም ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሽሮውን፣ ምስሩንና ጎመኑን በማብዛት ነው። ጤናማ ናቸው፣ ግን አሰሩ ስለሚበዛ በማግሥቱ ሆድ ይነፋል። በዋዜማው ሩዝ፣ ነጭ ዳቦ፣ ድንች፣ ፓስታ በቲማቲም ስጎ ይሻላል። በርበሬና ቃሪያ ይቀነስ። ተልባ ለዚያ ቀን በፍጹም። ጠዋት፣ ከመነሻው ሦስት ሰዓት በፊት፣ 120 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ይውሰዱ። በሶ ለዚህ የታወቀ ነው፤ በመቶ ግራሙ ወደ 70 ግራም ካርቦሃይድሬት አለው፣ በስኳር በጥብጠው ቀጠን አድርገው ይጠጡት። ግን ልምምድ ላይ ሳይሞክሩት አይሁን፤ ገብስ የሚያስቸግረው ሆድ አለ።

በሩጫው ላይ በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ያስፈልጋል። አብዛኞቹ ጄሎች (ሯጮች በመንገድ ላይ የሚወስዱት በትንሽ ከረጢት የታሸገ ካርቦሃይድሬት) ከእንስሳት ተዋጽኦ ነጻ ናቸው፣ ቢሆንም ጀርባውን ያንብቡ፤ ፕሮቲን የተጨመረባቸው ላይ የወተት ዱቄት ይገኛል። ጄሉን ዋሻው ውስጥ አይክፈቱ። በጓንት አይቀደድም፣ ሲወድቅም አይገኝም። ከመግባትዎ በፊት ወይም ከወጡ በኋላ ይውሰዱት።

ጥያቄ፦ ባዝ ከተማ ውስጥ ባለው የሁለቱ ዋሻዎች መንገድ ላይ ልሮጥ ነው። እዚያም ባትሪ ያስፈልጋል? — ከለንደን

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። ረጅሙ ኩም ዳውን ዋሻ 1,672 ሜትር፣ አጭሩ ዴቮንሻየር ደግሞ 400 ሜትር ትንሽ ያለፈ ነው። መንገዱ በ2013 ሲከፈት መብራት ተገጥሞለታል፣ መሬቱም አስፋልት ነው። መብራቱ ግን ደብዛዛ ነው፣ ሌሊትም ይጠፋል። ውድድርዎ በቀን ከሆነ ዓይንዎ እስኪለምድ ሁለት ደቂቃ ረጋ ይበሉ። የጂፒኤሱ (የሰዓቱ ሳተላይት) ነገር ግን እንደ ስኖኳልሚው ነው፤ ደርሶ መልስ በሚደረግበት ውድድር ላይ ደግሞ ሁለት ጊዜ ይሳሳታል።

ጥያቄ፦ የወንድሜ አሰልጣኝ «አሜሪካ ቁልቁለት ማራቶን ሮጦ ጥሩ ሰዓት ካስመዘገበ በር ይከፈትለታል» ይለዋል። እውነት ነው? — ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ለባለሙያ ሯጭ በሩ የሚከፈተው በዚያ በኩል አይደለም። የዓለም አትሌቲክስ ደንብ ለክብረ ወሰን የሚታሰብ ጎዳና ከመነሻ እስከ መድረሻ በኪሎ ሜትር ከአንድ ሜትር በላይ እንዳይወርድ ያዛል፤ ለማራቶን 42 ሜትር ማለት ነው። መነሻና መድረሻውም በቀጥታ መስመር ከውድድሩ ርቀት ከግማሽ በላይ መራራቅ የለባቸውም። የዋሻው መንገድ በኪሎ ሜትር 14 ሜትር ያህል ይወርዳል። ኬንያዊው ጆፍሪ ሙታይ በ2011 ቦስተን ላይ 2:03:02 ሲገባ በወቅቱ ማንም እንደዚያ ሮጦ አያውቅም ነበር፤ ክብረ ወሰን ግን አልሆነለትም፣ ቦስተን 140 ሜትር ያህል ስለምትወርድና ጎዳናዋም ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚሄድ። ማናጀሮች ይህን አሳምረው ያውቃሉ፤ ውጤት ሲያዩ መጀመሪያ የሚጠይቁት «የት?» ብለው ነው። ወንድምዎ ለቪዛ፣ ለትኬትና ለእግሩ ማገገሚያ የሚያወጣውን ወጪ ሜዳማ በሆነና ጎዳናው በተለካ ውድድር ላይ ቢያውለው ይሻለዋል።

ጥያቄ፦ በዲሴምበር ዋሻው ውስጥ ልምምድ ማድረግ ይቻላል? — ከታኮማ

መልስ፦ አይቻልም። ከኖቬምበር 1 እስከ ሜይ 1 በሮቹ ይዘጋሉ። የሚንጠባጠበው ውሃ እየረጋ ከጣሪያው እንደ ጦር ይንጠለጠላል፣ መሬቱም በረዶ ይሆናል። ጨለማውን ለመለማመድ ከፈለጉ በማታ፣ መብራት በሌለበት የጠጠር መንገድ ላይ በባትሪ መሮጥ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴና ልጆቼ ከዋሻው ስወጣ ፎቶ ሊያነሱኝ ይፈልጋሉ። የት ይቁሙ? — ከቤልቪው

መልስ፦ ምዕራባዊው መውጫ ላይ በመኪና በቀጥታ አይደረስም፤ ከአውራ ጎዳናው ዳር ካለ ማቆሚያ ተነስቶ ዳገት በእግር መውጣት ያስፈልጋል። ልጆቹ ትንንሽ ከሆኑ አይመከርም፤ በዚያ ላይ እዚያ ቆመው እርስዎን ሲጠብቁ ቆይተው መድረሻው ላይ ላይደርሱልዎት ይችላሉ። ሯጮች ብዙ ጊዜ ከመድረሻው አጠገብ መኪናቸውን አቁመው በአዘጋጆቹ አውቶቡስ ወደ መነሻው ስለሚወሰዱ ቤተሰብዎም በቀጥታ ወደ መድረሻው ቢመጡ ይቀላል። መድረሻው ራትልስኔክ ሐይቅ በኩል ከሆነ ከኢንተርስቴት 90 በ32 ቁጥር መውጫ ነው፤ በሞቃት ቅዳሜና እሑድ የመኪና ማቆሚያው በጠዋት ስለሚሞላ ቀደም ብለው ይድረሱ። ደረቅ ካልሲ፣ ክፍት ጫማና ሹራብ ይያዙልዎት። መኪናውንም ባለቤትዎ ይንዳው፤ ከዚህ ቁልቁለት በኋላ ፍሬን መርገጥ ራሱ ሥራ ነው።